ሳሙናው አልረጋም ብላችሁ ኮስቲክ አትጨምሩ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቤታችሁ ሳሙና የምትሠሩ፣ ወይም እናታችሁ፣ እህታችሁ የምትሠራ ከሆነ ግን ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መንዝ የበግ አገር ነው፤ ሞራ አናጣም። ሳሙና በዚህ ዋጋ እየተገዛ ሰው በቤቱ ሞክሮ መሥራቱ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሳሙናው ሲበላሽ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ትንሽ ኮስቲክ ጨምሪበት"። አልረጋም? ኮስቲክ። ቅባት ቅባት ይላል? ኮስቲክ። አረፋ የለውም? አሁንም ኮስቲክ! ኮስቲክ ሶዳ እኮ ጨው አይደለም፤ ወጥ እያጣፈጥን አይደለም።

ጥፋቱ የሴቶቹ አይደለም። የሦስት ቀን ስልጠና ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ "ይህን ያህል ብርጭቆ ኮስቲክ፣ ይህን ያህል ሊትር ዘይት" የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጣል፤ በቃ። ለምን ያን ያህል? ለየትኛው ዘይት? ሲበላሽስ ምን ይደረጋል? ወረቀቱ ላይ የለም። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ፤ ስለ ትልልቅ ነገር አላወራም። ግን ምክንያቱን ሳይነግሩ መጠኑን ብቻ መስጠት ስልጠና ነው ብዬ አልቀበልም።

ነገሩ ክፍል ውስጥ ሳፖኒፊኬሽን ብለን ያየነው ነው። ቅባትና ኮስቲክ ተገናኝተው ሁለቱም ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ሳሙናና ግሊሰሪን። ልኩ ከሆነ የሚተርፍ ኮስቲክ የለም። ልኩ ግን እንደ ቅባቱ ይለያያል። ለአንድ ኪሎ የበግ ወይም የከብት ሞራ 130 ግራም ገደማ ኮስቲክ ይበቃል፤ ለቆዳ እንዲለሰልስ ጥቂት ቅባት ሳይበላ እንዲቀር አድርገን ነው ይህን የምንለው። የኑግ ዘይት ከዚህ ትንሽ ያንሳል። የኮኮናት ዘይት ደግሞ ከ170 ግራም በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ዩቲዩብ ላይ በኮኮናት ዘይት የተሠራውን መጠን ወስዶ በበግ ሞራ የሚሠራ ሰው የሚያወጣው ሳሙና እጅ የሚልጥ ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የሠራችውን ይዛ መጣች። ነጭ፣ ደረቅ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር። እጇ ተልጧል። መጀመሪያ የሠራችው ቅባቱ ላዩ ላይ ቀርቶባት፣ በምክር ኮስቲክ ደግማበት ነው። የለካችበትን ብርጭቆ፣ ከደገመችው ጋር፣ ትምህርት ቤት ሚዛን ላይ ስናወጣው ለአንድ ኪሎ ሞራ 200 ግራም ሆነ። 200ን ለ130 አካፍሉ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ሞራ የሚችለው ኮስቲክ ነው። ስለዚህ አልጣልነውም። ጓንት አድርገን ፈቀፈቅነው፣ ትንሽ ውሃ ጨምረን በእንፋሎት ላይ አቀለጥነው፣ ግማሽ ኪሎ የቀለጠ ሞራ አከልንበትና ቀስ እያልን አማሰልነው። አራት ሳምንት አደረቅነው። አሁን ልብስ ታጥብበታለች።

ቀድሞውንስ ለምን አልረጋላትም? ብርዱ ነዋ! መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሞራው ከኮስቲኩ ጋር ሳይዋሐድ እንዲሁ በቅዝቃዜ ይረጋል። ሳሙና የሆነ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ከላይ ቅባት፣ ከታች ውሃ። መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ሞራውም የኮስቲኩ ውሃም፣ የዕቃው ውጪ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ግን የሚቻል ዓይነት ሙቀት ላይ ይገናኙ። እንደ አጥሚት እስኪወፍር፣ ከማንኪያው የሚንጠባጠበው ላዩ ላይ መስመር እስኪተው ድረስ አማስሉ። ከዚያ ቅርጽ ማውጫው ላይ ገልብጣችሁ ሸፍኑና በባና ጠቅልሉት፤ እስከ ነገ አትንኩት። ወደ ጀማ በረሃ የምትኖሩ የመርሐቤቴ ልጆች ይህ ችግር ብዙም አይነካችሁም።

የእናንተ ችግር ምናልባት ውሃው ነው። የጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ያለበት ነው፤ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ሳሙናውን ይዞ እንደ እርጎ ቁርጥራጭ ያደርገዋል። አረፋ እንቢ ካለ በዝናብ ውሃ ሞክሩት። በዝናብ ውሃ ካረፋ ሳሙናው ጤነኛ ነው።

ላዩ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት ከታየ አትደንግጡ፤ ኮስቲኩ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ስትቆርጡት ውስጡ ነጭ ፍሬ ወይም ውሃ የቋጠረ ቀዳዳ ካገኛችሁ ግን ያልተዋሐደ ኮስቲክ ሊሆን ይችላል። ገላ አታስነኩት። ሊትመስ አይነግራችሁም፤ ደህና ሳሙናም ቢሆን ሰማያዊ ያደርገዋል። ቁጥር ያለው የፒኤች ወረቀት ፈልጉ፤ 9 እና 10 ደህና ነው፣ ከ11 በላይ ከሆነ ወደ ድስት ይመለስ።

ድስት ስል፣ የአልሙኒየም ድስት አይሆንም። ኮስቲክ አልሙኒየምን ይበላል፤ እየፈላ የሚወጣው ጋዝም ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ይይዛል። አይዝጌ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ሁልጊዜ ኮስቲኩ ወደ ውሃው ይጨመራል (ለ130 ግራም 300 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል)፤ ውሃ ኮስቲክ ላይ አይፈስም፣ ይፈናጠራል። ዓይን ከነካ ኮምጣጤ ምናምን አትፈልጉ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እያፈሰሳችሁ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የተረፈውን በሃይላንድ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ውሃ ይመስላል፤ ሕፃን ያነሣዋል። አንዴ የዋጠ ልጅ ጉሮሮው ተቃጥሎ ዕድሜውን ሙሉ ሊሠቃይ ይችላል።

በሰልፎኒክ አሲድና በቴክሳፖን ፈሳሽ ሳሙና ለምትሠሩ ደግሞ አጭር ነገር። ጨው ያወፍራል፤ ልኩን ሲያልፍ ግን መልሶ ያቀጥናል። ቀጠነ ብላችሁ ሌላ ጨው ከጨመራችሁ ይብሱኑ ይቀጥናል፣ በእኛ ብርድ ደግሞ ሲያድር ይደፈርሳል። ከበርሜሉ አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ እሱ ላይ ሞክሩ። እዚያ ላይ ከተበላሸ የተበላሸው አንድ ብርጭቆ ነው።

"እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ አልነበር እንዴ?" የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ለጋቢና ለነጠላ ዛሬም አልንቀውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ላይ ያስተዋሉት እኮ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነው፤ ከዚያ ነው የቢልሃርዚያ ምርምሩ የተነሣው። ቢሆንም ወንዝ ውስጥ ዓሣም ይገድላልና እጥበቱ ገበቴ ላይ ይሁን።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስትጽፉ የቅባቱን ዓይነትና ኪሎ፣ የኮስቲኩን ግራም፣ የውሃውን መጠን አስቀምጡ። "አንድ ብርጭቆ" ካላችሁኝ፣ መልሴ "መጀመሪያ ብርጭቆውን መዝኑት" ነው። ሚዛን የሌላችሁ በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ብቅ በሉ፤ ኮስቲኩን ግን በደንብ በተከደነ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት አምጡት።