ከማተሚያ ቤት በፊት ቃላቱን እንወቅ

ፖስተራችን ጽሑፉ ተቆርጦ ሲመጣ አታሚውን እንወቅሳለን። በእኔ እምነት ግን ችግሩ የሙያውን ቃላት አለማወቃችን ነው። ለመነሻ ሦስቱን እንያዝ።

«ማርጂን» በጽሑፉና በወረቀቱ ጠርዝ መካከል የሚተው ባዶ ቦታ ነው። «ብሊድ» የጀርባው ቀለም ከመቁረጫው መስመር እንዲያልፍ የሚጨመረው ነው፤ በተለምዶ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ 210 በ297 የሆነው ኤ4፣ 216 በ303 ሆኖ ይዘጋጃል። «ሊዲንግ» ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ሐረካ ያለው ዐረብኛ ሰፋ ያለ ይፈልጋል፤ ከጠበበ የላዩ መስመር ከስራ ከታችኛው ፈትሓ ጋር ይጋጫል። የቁርኣን አንቀጽ እንዲህ ተዛብቶ መለጠፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራውን ሁሉ ዲዛይን ለሚችል አንድ ልጅ መተው ይብቃን። እሱ ሲመረቅ እውቀቱም አብሮት ይወጣል።