መድኃኒትና የመንግሥታት ጠብ

ሕመም ድንበር አያውቅም፤ በሽተኛም የየትኛው መንግሥት ወዳጅ ወይም ጠላት እንደ ሆነ ተጠይቆ አይታመምም። ስለዚህ በመንግሥታት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ሐኪምና መድኃኒት ከጠቡ ውጭ እንዲሆኑ በቃልም በጽሑፍም ብዙ ጊዜ ስምምነት ተደርጓል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተጻፈውና በበሽተኛው ራስጌ የሚታየው ነገር አዘውትሮ አይገናኝም። ይህ ልዩነት ከወዴት እንደሚመጣ መመርመር ለባለሥልጣንም ለካህንም የሚገባ ሥራ ነው፤ አንዱ የሕዝቡን ሥጋ፥ ሁለተኛው ነፍሱን እንዲጠብቅ አደራ ተቀብሏልና።

የነገሩን አካሄድ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ አዲስ ከተማ ወርዶ መርካቶን መመልከት ይበቃል። ይህ ገበያ የተመሠረተው ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ይዛ በነበረችበት ዘመን፥ በጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወረች ጊዜ ነው፤ ስሙም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሆኖ ቀርቷል። በመርካቶ ኮሶና እንቆቆ፥ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡ እንዳሉ ሁሉ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ መድኃኒት የሚነግዱም አሉ። ኮሶው ከደጋ ይመጣል፤ ዋጋውን የሚወስኑት ዝናምና መንገድ ናቸው። የስኳር በሽታ መርፌ የሆነው ኢንሱሊን ግን በውጭ ገንዘብ ተገዝቶ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የሚመጣ ስለ ሆነ፥ መገኘቱንና ዋጋውን የሚወስነው በሩቅ ከተማ የሚደረግ ምክር ጭምር ነው። ዶላር በጠፋ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ የሚመጣው ይቀንሳል፤ በሻንጣ የሚገባው ይበዛል። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሊጠበቅ ሲገባው፥ በሻንጣ የገባው በምን ያህል ሙቀት እንደ ተጓዘ፥ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ፥ የሚመረምረው የለም። በዚህ ዐይነት የመንግሥታት ጠብ ጦር ሳይማዘዝ፥ ቃታ ሳይሳብ፥ ከመርካቶ መደብር ደርሶ የድኻውን ቤት ያንኳኳል።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር ያወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው በስም ለሁለቱም እኩል ነበረ፤ በግብር ግን ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካ ስለ ነበራት የተጎዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። በኋላም የመንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል፥ ጦሩን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት ከክልከላው ውጭ ሆኖ ቀረ። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞችን ተቀብሎ ቍስለኛ ሲያስታምም፥ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የዶክተር ሂላንደር የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር፥ በየካቲት ወር ደግሞ በቆረም የእንግሊዙ ቀይ መስቀል ሰፈር ከአየር በቦምብ ተደበደቡ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ በእኩልነት ስም የሚደረግ ክልከላ የሚመታው ፋብሪካ የሌለውን ነው። ሁለተኛው፥ የቀይ መስቀል ምልክት ብቻውን፥ የሚያከብረው ሰው ከሌለ፥ ጋሻ አይሆንም።

ዛሬ ማዕቀብ የሚጥሉ መንግሥታት መድኃኒት አልተከለከለም ይላሉ፤ በጽሑፍም እውነታቸውን ነው። በ1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በኢራቅ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ለሕክምና የሚውለውን ዕቃ ከክልከላው አውጥቶት ነበር፤ ቢሆንም የኢራቅ ሆስፒታሎች መድኃኒት አጥተው ሕዝቡ ብዙ መከራ አየ። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። መድኃኒት የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ የሚተላለፈው በባንክ ነው፤ ዕቃው የሚጫነው በመርከብ ነው፤ መርከቡም ያለ ኢንሹራንስ አይንቀሳቀስም። ባንኩ ቅጣት ፈርቶ ገንዘቡን አላስተላልፍም ካለ፥ መድኃኒቱ ቢፈቀድም አይመጣም። በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መስከረም 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢራንና በአሜሪካ ጉዳይ በሰጠው ትእዛዝ፥ በመድኃኒት ላይ ያለው መሰናክል እንዲነሣ ሲያዝ፥ የክፍያው መንገድም እንዳይዘጋ አብሮ ያዘዘው ስለዚህ ነው። የጸጥታው ምክር ቤትም ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሳለፈው 2664ኛ ውሳኔ፥ ለሰብዓዊ ርዳታ የሚውል ገንዘብና ዕቃ ከማዕቀቡ ነጻ እንዲሆን ደንግጓል።

ማዕቀቡ የሚወለደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደጅ ጥናት ነው። ሎቢ የሚባለው ሥራ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ባለጉዳይ በመኳንንት ደጅ ቆሞ ያመለክት የነበረውን፥ ዛሬ ባለሀብቶችና መንግሥታት ዐዋቂ ቀጥረው በምክር ቤቶች ደጅ ያደርጉታል። በየካቲት 1990 ዓ.ም. የመድኃኒት ኩባንያዎች የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ርካሽ መድኃኒት የሚያስገባ ሕግ አወጣ ብለው ከሰሱት፤ የከሳሾቹም ቍጥር 39 ነበረ። በዚያን ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ በ1993 ዓ.ም. በ350 ዶላር አቀርባለሁ ባለ ጊዜ የዓለም ሰው ተደነቀ፤ ከሳሾቹም የሕዝቡን ጩኸት ሰምተው በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ክሳቸውን አነሡ። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይህን መድኃኒት ለበሽተኞች በነጻ ማደል የጀመረችው ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ደጅ መጥናት ለክፉም ለበጎም ይሆናል፤ የሚለየው የሚለመነው ነገር ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም በባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንዱ ማዕቀብ ይጣል፥ ሁለተኛው አይጣል እያሉ በዋሽንግተን ደጅ ጠንተዋል። መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ለሰብዓዊ ርዳታ ፈቃድ የተሰጠበት ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ስትወጣም፥ በውሳኔው ውስጥ የመድኃኒት ስም አልተነሣም። ነገር ግን ልብስ ሰፍቶ የሚላክበት መንገድ ሲጠብ የሚገባው ዶላር ይቀንሳል፤ ዶላሩ ሲቀንስም መድኃኒት አስመጪው በባንክ ወረፋ ይቆማል። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ይህ ነው።

የውጭውን በደል የሚናገር ሰው የቤቱን ሊሸሽግ አይገባውም። በዚያው ጦርነት የመቀሌው የዐይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት አለቀብን እያሉ ሲጮኹ ወራት አለፉ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን መድኃኒት በአውሮፕላን ያደረሰው ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከዕቃውም መካከል ኢንሱሊን ነበረበት። የደሴ ሆስፒታልም በጦርነቱ ተዘርፎ በሽተኛው ሐኪምም መድኃኒትም አጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሟል፤ ነገር ግን በእነዚያ ወራት መርፌው ያልደረሰለት ሰው በስምምነት አይመለስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የባዕድን ማዕቀብ የሚነቅፍ ሁሉ ወደ ወንድሙ የሚሄደውን የመድኃኒት መንገድ የዘጋ እንደ ሆነ፥ ነቀፋው በሰው ፊት ክብደት አያገኝም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ ታይቷል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የሚሰጠውን ርዳታ ባቆመ ጊዜ፥ በኢትዮጵያ በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ሥራቸው ተቋረጠ። ይህ ማዕቀብ አልነበረም፤ ኢትዮጵያም የተለየ በደል አልሠራችም፤ በሌላ አገር የአስተዳደር ለውጥ ስለ ሆነ ብቻ የመጣ ነው። የሰው ስጦታ ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን በሰው ስጦታ ላይ ብቻ የቆመ የጤና ሥራ ሰጪው ሐሳቡን በለወጠ ቀን ይናወጣል።

እንግዲህ መደረግ ያለበት የታወቀ ነው። የውጭ ገንዘብ የሚያድሉ ባለሥልጣኖች፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ ከፍ ማለቱን ተመልክተው፥ ነፍስ አድን መድኃኒት ከሌላው ሸቀጥ አስቀድሞ እንዲገዛ ማድረግ ይገባቸዋል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለጥቂት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የሚሆነውን በጎተራ ማኖር አለበት፤ ዮሴፍ በግብጽ ያደረገውን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። በቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተዘጋጀው መንደርም ይበርታ፤ ሆኖም ጥሬ ዕቃው ከውጭ እስከ መጣ ድረስ ፋብሪካው ብቻውን ከችግር አያወጣምና፥ ጥሬ ዕቃውን በአገር ውስጥ ለማዘጋጀት ዛሬውኑ ይታሰብበት። በባዕድ ደጅ የሚጠኑም ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ፥ የፖለቲካ ጥያቄያቸውን ከማቅረባቸው በፊት የመድኃኒት ክፍያ የሚተላለፍበት ባንክ በስም ተለይቶ እንዲፈቀድ ይለምኑ።

ካህናት ደግሞ በዚህ ነገር ትልቅ ሥልጣን አላቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የሐኪም መድኃኒት እንደማይጣሉ በተናገሩ ጊዜ ቃላቸው ብዙ ሰው መድኃኒቱን እንዳይተው ረድቷል። እንዲሁ ዛሬ መድኃኒት የጦር መሣሪያ እንዳይደረግ፥ ለጠላት ወገን በሽተኛም እንዳይከለከል በየዐውደ ምሕረቱ ቢያስተምሩ፥ ከሕግ የበለጠ ይሰማሉ። ያ ደግ ሳምራዊ የቍስለኛውን ወገን ሳይጠይቅ ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት መንገዱ ክፍት ስለ ነበረ ነው፤ ይህን መንገድ ክፍት አድርጎ መጠበቅ የሥልጣን ሁሉ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።