የአፍሪካውያን በዓል በቶሮንቶ፤ ካለፈ በኋላ ምን ይቀራል

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በባዕድ አገር ሲኖር ርስቱንና ቤቱን ተሸክሞ ለመሄድ አይቻለውም። ቋንቋውን፥ ዜማውንና የአባቶቹን ልማድ ግን ማንም ሊነጥቀው ስለማይችል ይዞት ይሄዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በየዓመቱ በሙቀት ወራት የሚደረጉት የአፍሪካውያን የሙዚቃና የባህል በዓላት የተወለዱት ከዚህ ነው። በሥራ ቦታው ስሙን አስተካክሎ የሚጠራለት ሰው ያጣ ስደተኛ፥ ከበሮው በአደባባይ በሚመታበት ቀን የከተማው ባለቤት መስሎ ይታያል። ይህ ክብር በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ነገር ግን ከእነዚህ በዓላት አንዳንዶቹ ሲመሠረቱ ሌላ ዐሳብ ደግሞ ነበራቸው፤ ይኸውም ደስታው ካለፈ በኋላ ለስደተኛው ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅም ረድኤት እንዲገኝበት ነው። ይህ ሁለተኛው ዐሳብ መፈጸሙንና አለመፈጸሙን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ለዚህ ምርመራ በካናዳ የምትገኘው የቶሮንቶ ከተማ መልካም ምሳሌ ናት። ካናዳ ቀድሞ ጥቁር ሕዝብ በብዛት እንዳይገባባት በሯን አጥብባ የኖረች አገር ነበረች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ግን ከጃማይካና ከባርባዶስ ያላገቡ ሴቶች በቤት ሠራተኛነት እንዲገቡ ተፈቀደ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የሰው ዘሩና የትውልድ አገሩ ሳይታይ፥ በትምህርቱ፥ በሙያውና በቋንቋ ዕውቀቱ ነጥብ እየተቈጠረለት እንዲገባ የሚያደርግ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት ካናዳ የተመሠረተችበትን 100ኛ ዓመት ስታከብር፥ ከካሪብ ደሴቶች የመጡት ሰዎች ካሪባና የተባለውን የዘፈንና የሰልፍ በዓል ለአገሪቱ እንደ ስጦታ አድርገው አቀረቡ። ከእነርሱም የሚበዙት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ነበሩ። በዓሉ በኦገስት ወር መጀመሪያ መደረጉም፥ በእንግሊዝ ግዛት የነበሩት ባሮች በ1834 ዓ.ም. ኦገስት 1 ቀን ነፃ የወጡበትን ዕለት የሚያስታውስ ነው። የበዓሉ መሥራቾች ከሚገኘው ትርፍ ወገናቸው የሚሰበሰብበትና የሚረዳዳበት ቤት ለመሥራት ዐስበው ነበር።

በዓሉ ከመሥራቾቹ ግምት በላይ አደገ። በ2009 ዓ.ም. የተደረገውን በዓል መርምሮ የተጻፈ አንድ ጥናት፥ ተመልካቹ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበረና ለአገሩ ያስገኘውም ጥቅም ከ400 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ እንደ ሆነ ገልጿል። ይሁን እንጂ የበዓሉ አዘጋጆች ብዙ ዓመት ሒሳባቸውን የሚዘጉት በዕዳ ነበር፤ ለቤቱ የታሰበው ትርፍም እንደ ተመኙት ሳይጠራቀም ቀረ። በ2006 ዓ.ም. የቶሮንቶ ማዘጋጃ ቤት የተመረመረ ሒሳብ አልቀረበልኝም ብሎ ለቀድሞው ኮሚቴ የሚሰጠውን ድጎማ አቋረጠ፤ የበዓሉም አስተዳደር ለሌላ ኮሚቴ ተሰጠ። ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ዓ.ም. ካሪባና የሚለው ስም ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች ስለ ተፈረደ፥ በዓሉ ስሙን ለውጦ ይደረግ ጀመር። እንግዲህ በአንድ በኩል ስሙ ያላቸው ሰዎች በዓሉን አጡ፤ በሌላው በኩል በዓሉን የያዙት ስሙን አጡ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው ለምንድር ነው ቢባል፥ ምክንያቱ በሰዎች ጠባይ ብቻ የሚመካኝ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ወጪና ገቢ በአንድ እጅ አለመሆናቸው ነው። መድረኩን የሚያቆመው፥ ለጥበቃውና ለጽዳቱ የሚጨነቀው አዘጋጁ ነው። ለሰልፉ የሚሆነውን ልብስ ወራት ሙሉ የሚሰፉትና ላባውን የሚተክሉትም ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ናቸው። ተመልካቹ ግን ሰልፉን ከመንገድ ዳር ቆሞ ለማየት ስለሚችል፥ ገንዘቡን የሚከፍለው ለሆቴል፥ ለምግብ ቤት፥ ለታክሲና ለአውሮፕላን ነው። ንቡ የደከመበትን ማር ሌላው ቈረጠው ማለት ይህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለረድኤት የሚሆነው ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ አለመቀመጡ ነው። ከትርፉ እንሰጣለን የተባለ ነገር፥ ትርፍ በሌለበት ዓመት ከቃል አያልፍም።

በዚያችው ከተማ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው አፍሮፌስት የተባለው በዓል የሌላ መንገድ ምሳሌ ነው። ይህን በዓል ያቋቋመው ሚዩዚክ አፍሪካ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሲሆን፥ ሕዝቡ የሚገባው ያለ ክፍያ ነው። ስለዚህ ከመግቢያ ዋጋ የሚሰበሰብ ገንዘብ የለውም። የሚሰጠው ረድኤት በሌላ መልክ ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ከስደተኛ ወገን የሆነው ዘፋኝ መድረክ ያገኛል፥ ጨርቅና ምግብ የምትሸጠው ሴት ገበያ ታገኛለች፥ በስደት የተወለደው ልጅም የወላጆቹን መሣሪያ በእጁ ይነካል። በ2016 ዓ.ም. ግን ጎረቤቶች ስለ ድምፁ ብርታት ስላመለከቱ፥ ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ቀን ይደረግ የነበረው በዓል ወደ አንድ ቀን እንዲያጥር ዐስቦ ነበር። ሕዝቡ በብዙ ድምፅ ስለ ተቃወመ ሁለቱ ቀን ተመለሰ። ከዚህም ሁለት ነገር ይታወቃል። የራሱ ቦታ የሌለው ሰው በዓሉ በሌላው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በአንድነት የቆመ ሕዝብ ግን በባዕድ አገርም ቢሆን ይሰማል።

በዓል ለደስታ እንጂ ለገንዘብ መሰብሰቢያ አልተሠራም የሚሉ አሉ፤ ቃላቸውም እውነትነት አለው። ወላጆቹ ሲከበሩ ያየ ልጅ በዘሩ አያፍርም። ሆኖም በየካቲት ወር በረዶ በወረደ ጊዜ፥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን የሚጽፍለትና የአገሩን ቋንቋ የሚያስተምረው ለሚፈልግ ሰው የኦገስት ከበሮ አይደርስለትም። ለእርሱ የሚደርስለት ዓመቱን ሙሉ በሩን የማይዘጋ ቤት ነው።

ይህ ነገር ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። ከ1974 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከአገር ከወጡት ብዙዎች በቶሮንቶ ተቀምጠው፥ ዳንፎርዝ በተባለው ጎዳና ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተዋል፤ በቅድስት ማርያም ስም ቤተ ክርስቲያን አቋቁመዋል፤ አዲስ የመጣውን የሚረዳ ማኅበርም አላቸው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽንም በየዓመቱ በኳስ ጨዋታና በዘፈን ብዙ ሺሕ ሰው ይሰበስባል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በአስተዳደር ክርክር ምክንያት ሕዝቡ ተከፍሎ፥ በአንድ ሰሞን አንዱ ጉባኤ በዳላስ ሌላው በዋሽንግተን ተደረገ። የካሪባና መከራ የካሪብ ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

የመፍትሔው ሥር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበር ሙሴ አለው፥ ተራ አለው፥ ጽዋውንም ማን እንደ ተረከበ ሁሉም ያውቃል። ዕድርም መዋጮውን የሚሰበስበው ሐዘን ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሬሳ ከወጣ በኋላ እንሰበስባለን አይልም። የስደተኛ በዓልም በዚሁ ሥርዓት ቢመራ፥ ለረድኤት የሚሆነው ድርሻ መድረክ ሳይቆም ተለይቶ ይቀመጣል። በካናዳ ሕግ በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ማኅበር የበጀት ዓመቱ በተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ መግለጫውን ለመንግሥት ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ያንኑ ሒሳብ በሕዝቡ ፊት በገዛ ቋንቋው ማንበብ ከሕጉ በላይ መተማመንን ያመጣል። ከበዓሉ የሚከብሩት ሆቴሎችና ነጋዴዎችም ከጥቅማቸው እንዲያካፍሉ የከተማው ሹማምንት ሊያስገድዱ ባይችሉ እንኳ ሊያስማሙ ይችላሉ።

ከአገር ቤት የሚላኩ ባለሥልጣናትና በስደት የሚያገለግሉ ካህናትም በእንዲህ ያለ በዓል ሲጋበዙ፥ በክብር ወንበር መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ከበዓሉ ማግሥት ለችግረኛው የተከፈተው በር የቱ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚው ለጌጥ ከተያዘ በኋላ ወዴት እንደ ደረሰ የሚቈጥር ሰው ከሌለ ግን ጌጡ የአንድ ቀን፥ ሸክሙ የዓመት ይሆናል።