አንድ ሙሉ ደቂቃ



በቀደም ዕለት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ወሬዋን ጀመረችልኝ። እኔ ስልኬን እየነካካሁ «እህ፣ እሺ የኔ እናት» እላለሁ። በመጨረሻ «እማማ፣ አሁን ምን አልኩሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቦርሳዋን አንሥታ ዝም ብላ ወጣች። ያ ዝምታዋ አንድ የቆየ ነገር አስታወሰኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ብቸና አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የራሴ ልጅ ሞጣ እናቴ ዘንድ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው በየሰው እጅ የለም፤ በደብረ ወርቅ በኩል ከሚመጣ መንገደኛ ወሬ እጠብቃለሁ። አንዲት እናት ሳል የያዘው የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ትንፋሹን መቁጠር ነበረብኝ። ዓይኔ ደረቱ ላይ ነው፤ ልቤ ግን ሞጣ። መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፋኝና በግምት «36» ብዬ ጻፍኩ።

አንዲት ነባር ነርስ ካርዱን አየች፤ ልጁንም አየችው። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ቆጥረሽ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሰዓቷን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችና «አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ» አለችኝ። 52 ሆነ።

ወላጆች ይህን ያዙልኝ፦ ሳል ያለበት ልጅ ሳያለቅስ ረጋ ብሎ ሳለ ሲቆጠር፣ ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ከሆነ በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆነ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳምባ ምች ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ያ ልጅ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ያ «36» ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በውጭው ዓለም «ማይንድፉልነስ» የሚሉት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕመም አልለቅ ላላቸው ሕሙማን ሥልጠና ጀመሩ። መነሻው የቡድሃ እምነት ተከታዮች ተመስጦ ሲሆን፣ እሳቸው ለሕክምና እንዲሆን አድርገው አዘጋጁት። እኛ ግን «ልብ ማለት» የሚል የራሳችን ቃል አለን። እዚሁ ከብቸና አቅራቢያ በዲማ ጊዮርጊስ፣ የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ከጓደኞቹ ገለል የሚለው ልቡን ለመሰብሰብ ነው።

ልብ ማለት ሐሳብን ማባረር አይደለም። ልጁ ሩቅ ያለበትን ወላጅ «አታስብ» ቢሉት አይሆንለትም፤ በዚህ በጭንቅ ጊዜማ እንዴት ይሆናል? ሐሳብ ይመጣል። ልባችን ወዴት እንደሄደ ማወቅና ራስን ሳይቆጡ ወደያዙት ሥራ መመለስ ነው ቁም ነገሩ። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መመለስ ነው።

ለዚህ የተለየ ቦታ አያስፈልግም። ቡና ስትቆሉ ምጣዱን ብቻ እዩ፤ ፍሬው ቀለሙን ሲለውጥ፣ ሽታው ሲመጣ ልብ በሉ። አቦሉን ስልክ ሳትነኩ ጠጡ። ጭንቀት ሲበረታ ደግሞ ቁጭ በሉና ለአንድ ሙሉ ደቂቃ የራሳችሁን ትንፋሽ ቁጠሩ። አየሩን ስታስወጡ ቀስ በሉ፤ ረጅም አወጣጥ የልብን ምት ያረጋጋል። ዓይን መጨፈን ክፉ ትዝታ የሚቀሰቅስበት ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩ መሬት መርገጡን እያስተዋለ ይሞክር።

ይህ ግን መድኃኒትን አይተካም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

በማግሥቱ የልጅ ልጄ ስትመጣ ስልኩን ጓዳ አስቀምጬ ጠበቅኳት። «ትናንት ያልሽኝን ድገሚልኝ» አልኳት። መጀመሪያ አኮረፈች፤ ከዚያ ነገረችኝ። ለካ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ስታነብ ልጆች ስቀውባት፣ ከዚያ ወዲህ ማንበብ ፈርታ ኖሯል። ይህን ነበር ያላዳመጥኳት። አሁን ማታ ማታ ለእኔ ታነባለች፤ እኔም ጆሮዬን ብቻ ሳይሆን ልቤንም ሰጥቼ እሰማታለሁ።

በሉ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ልጅ አንድ ሙሉ ደቂቃ ስጡ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።