ገንዘብ የሌለው ክበብ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ከቤቴ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ዛሬ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እጅ ነሥታ ሰላምታ ከሰጠችኝ በኋላ ከደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት አውጥታ፥ «መምህር፥ ክበባችን ገንዘብ ቸግሮታል። ያሰብነውን በሙሉ ጽፈን አምጥቻለሁና እስቲ ይመልከቱልን» አለችኝ። በወረቀቱ ላይ ሰባት ነገር ተጽፏል። ኮንሰርት፥ ቶምቦላ፥ ካናቴራ፥ ለነጋዴዎች ደብዳቤ፥ ለውጭ ድርጅት ማመልከቻ፥ ለቱሪስት የሚሸጥ የሱፍ ቆብ፤ በመጨረሻም በእርሳስ ተጽፎ፥ ተሰርዞ፥ እንደገና የተጻፈ «ቆሎ» የሚል ቃል አለ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ኮሌጅ ገብታችሁ ከሆነ ይህን ወረቀት ታውቁታላችሁ። እኔም በጊዜዬ ጽፌዋለሁ። ዳሩ ግን ወረቀቱን ከመመርመሬ በፊት ገንዘቡ ለምን እንደሚፈለግ ጠየቅኋት፤ ብዙ ክበብ የሚወድቀው ገንዘብ በማጣቱ ሳይሆን ይህን ጥያቄ ሳይመልስ በመነሣቱ ነውና።

መልሷ አጭር ነበር። «የስንቅ ልጆች» አለችኝ።

በዚህ አገር ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። በየገጠሩ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ሰኞ ጧት እንጀራውን፥ በሶውንና ቆሎውን በአቁማዳ ተሸክሞ ይገባል፤ ዓርብ ማታ ለሌላ ስንቅ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ አንዳንዱ መንገዱ ግማሽ ቀን ነው። ስንቁ ቀድሞ ያለቀበት ልጅ ሐሙስ ላይ ከክፍል ይቀራል። እኔ የስም መጥሪያዬን ስገልጥ የሐሙስ ገጽ ከሌላው ቀን ገጽ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የበዛ ነው። ሐሙስ ሐሙስ መቅረት የለመደ ልጅ ደግሞ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጭራሹን አይመለስም፤ ሴቶቹማ በይበልጥ።

ይህች ተማሪ የተወለደችው ጊች ነው። ጊች በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የነበረ የገብስና የበግ መንደር ነው። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ይኸው ፓርክ ሲሆን፥ በ1989 ዓ.ም. ለአደጋ ከተጋለጡት መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ደግ ሆነ። ገብሱን ከማሳው ያነሣ የነበረው ሰው ግን ከገበያ መግዛት ጀመረ። ልጅቱ ይህን ስታስረዳኝ፥ «እኛስ ትምህርት ቤቱ ቀረበልን፤ እንጀራው ነው እዚያው ተራራው ላይ የቀረ። ከሌላው መንደር የሚመጡት ደግሞ እንጀራው እያላቸው መንገዱ ይፈጃቸዋል» አለች። እንግዲህ ክበቡ ያሰበው በሁለቱም ወገን ላሉት ልጆች ደብተር መግዛት፥ ከተቻለም ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት አንድ ምሳ ማብላት ነው።

ወደ ወረቀቱ ተመለስን።

ስለ ኮንሰርት የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። በተማሪነቴ የነበርኩበት አንድ ክበብ የሙዚቃ ምሽት አዘጋጀ። አዳራሽ ተከራየን፤ የድምፅ ማጉያ ተከራየን፤ ለዘፋኙ ቀብድ ሰጠን፤ ትልቅ ሸራ አሳተምን፤ ለስላሳም በዱቤ ወሰድን። በዚያ ምሽት ዝናብ ጣለ። ከመጡትም ብዙዎቹ የአባላቱ ወዳጆች ስለ ነበሩ በነጻ ገቡ። ሦስት ወር የለፋንበት ነገር ሲያልቅ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ሆነና ዕዳውን ከየኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። ሰብሳቢው በሪፖርቱ ላይ «ዝግጅቱ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» አለ፤ ያን ሪፖርት በእጁ የጻፈውም ጸሐፊው፥ ማለት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የኮንሰርት ጉዳቱ ይኸው ነው፤ ወጪው የታወቀ፥ ገቢው ግን ተስፋ ነው።

ካናቴራውን ቶሎ ሰረዝነው። ገዢው የክበቡ አባል ራሱ ስለ ሆነ፥ ትርፉ ለአታሚው ነው። ቶምቦላ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር ይታያል እንጂ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አይቻልም፤ ይህን ሳያውቁ ቲኬት አሳትመው የሚሸጡ ተማሪዎች ሕግ እንደሚጥሱ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። የውጭ ድርጅት ማመልከቻ ይጻፍ፤ አይከፋም። ነገር ግን መልሱ ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ጸሐፊዎቹ ከተመረቁ በኋላ ነው።

የነጋዴውን ደብዳቤ በተመለከተ ትንሽ ተከራከርን። ልጅቱ «ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘን ብንሄድ አይከለክሉንም» ትላለች። እርግጥ አይከለክሏችሁም። የአንድ ትንሽ ከተማ ነጋዴ ግን ከቀበሌው፥ ከቤተ ክርስቲያኑና ከመስጊዱ፥ ከእግር ኳስ ቡድኑ ሁሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይመጣለታል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ሲደርስ ደባርቅ ከየአቅጣጫው የተሰደደውን ሰው ተቀብላ ስታበላ ይኸው ነጋዴና ይኸው ነዋሪ ነው ያበላው። ከፊቱ ቆሞ የሚያሳፍረውን ሰው ለመሸኘት የሚሰጥ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይገኛል፤ ሁለተኛ ጊዜ ባለሱቁ በጓሮ በር ይወጣል። ከአንድ ሰው ብዙ ከመለመን ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መሰብሰብ እንደሚሻል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ የወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ የሰጠውን የመንግሥት ሠራተኛ ማየት ይበቃል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ያ ሠራተኛ «የኔም አለበት» ብሎ ቴሌቪዥኑን ለልጆቹ ያሳየው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሱፍ ቆቡን ግን በሌላ ምክንያት ተቃወምኩ። ቱሪስቱ በኮሮና ዘመን ቀነሰ፤ ጦርነቱ ሲነሣ ጠፋ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭትም እንደ ዱሮው አይመጣም። ይህ አንድ ነው። ይበልጡን ግን፥ ቆብ ሠርተው ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሸጡት የእረኞቹ ልጆች ናቸው። እነርሱ ደብተር የሚገዙበትን ገበያ፥ ደብተር ልንገዛላችሁ ነው ብሎ ክበብ ሊሻማቸው አይገባም። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ሳቀችና «እውነትዎን ነው፤ እኔም ሸጫለሁ» አለች።

እንግዲህ የተሰረዘው በዛና ወረቀቱ ጠቆረ። «ታዲያ ምን ቀረን?» አለች፤ ፊቷም ጥቂት ጠቆረ።

በአሜሪካ አገር ናሽቪል በተባለው ከተማ ፊስክ የሚባል ኮሌጅ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ከባርነት ለወጡ ሰዎችና ለልጆቻቸው ተከፍቶ፥ አምስት ዓመት ሳይቆይ በዕዳ ሊዘጋ ተቃረበ። በ1871 ዘጠኝ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋራ እየዘመሩ ገንዘብ ሊሰበስቡ ተነሡ። በመጀመሪያ ነጮቹ የሚያውቁትን ዘፈን ቢዘፍኑ ሰሚው ቀዘቀዘባቸው። ወላጆቻቸው በባርነት ሳሉ ይዘምሩት የነበረውን መዝሙር ማሰማት ሲጀምሩ ግን አዳራሹ ሞላ። ከጉዟቸው መጀመሪያ ላይ ያገኙትን ጥቂት ገንዘብ የቺካጎ ከተማ ተቃጥሎ ስለ ነበር ለተጎዱት ሰጡት፤ እነርሱ ራሳቸው የሚለብሱት የሌላቸው ሲሆኑ። በኋላ በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ ባገኙትም ገንዘብ ኮሌጁ በ1876 ትልቅ ሕንፃ አቆመ። እኔና ጓደኞቼ ዘፋኝ በቀብድ ስንከራይ እነዚህ ልጆች ግን የሸጡት የራሳቸውን ድምፅ፥ የራሳቸውን ነገር ነበር።

በኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሐብ በተሸፋፈነበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪው አሳዩ፤ ተማሪዎቹም ቁርሳቸውን ትተው ዋጋው ለተራበው እንዲደርስ ተነሡ። በእጃቸው የነበረው ቁርስ ብቻ ነበረ፤ እርሱን ሰጡ።

ለልጅቱም «በእናንተ እጅ ያለው ምንድር ነው?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ትምህርት ነው እንጂ ሌላ ምን አለን» አለች።

ነገሩም ይኸው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአዲሱ ሥርዓት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከግማሽ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ብቻ ነበር። ልጁን የሚያስጠናለት ሰው የማይፈልግ ወላጅ በዚህ ከተማ የለም። ፈተናውን አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡት ደግሞ ከከተማው ገበያ በእግር የሚደረስበት ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ካናቴራ ስለ ማሳተም ይወያያሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት አንድ ክፍል በፈቃድ ይለመን። ሂሳብ፥ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ይሰጥ። 30 ልጅ ቢቀመጥ 20ው ይክፈሉ፤ 10ሩ የስንቅ ልጆች ይሁኑና አይክፈሉ። ማን ከፋይ ማን ነጻ እንደ ሆነ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ፤ ስማቸው እየተጠራ ደብተር የሚታደላቸው ልጆች ደብተሩን ቢያገኙም የክፍል ጓደኞቻቸውን ፊት ማየት ይከብዳቸዋልና። ከ20ው የሚገኘው ገንዘብ ደብተሩንና የሐሙሱን ምሳ ይገዛል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ገና ሳይሰበሰብ እርዳታው ይጀመራል።

«ዕውቀት በገንዘብ መሸጥ ነውር አይሆንብንም?» አለችኝ። በጎንደር ምድር ያደገች ልጅ ይህን መጠየቋ ደስ አሰኘኝ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ሲጠና፥ በውሻ ሲነከስ፥ ቁራሽ ሲለምን የኖረበት አገር ነው። ይሁንና ያው ተማሪ ልመናው ሳይበቃው ሲቀር ስፌት እየሰፋ፥ ብራና እየፋቀ፥ መጽሐፍ እየገለበጠ ይሸጥ ነበር እንጂ በእጁ ሥራ መክፈል አላሳፈረውም። የሚከፍለው ሰው ሊከፍልበት የፈለገውን ነገር ካገኘ፥ የማይከፍለውም ካልተከለከለ፥ ነውሩ ከየት ይመጣል? ይልቅስ የሚያሳፍረው ሌላ ነው አልኳት፤ ይኸውም አስጠኚው መቅረቱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራሱ ፈተና አለበት፤ በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ይቀራል፥ ሁለተኛውን ይደግማል። ከፋዩ ወላጅ ልጁን ያስቀራል፤ የስንቅ ልጅ ግን ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ በባዶ ሆዱ በተዘጋ በር ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ አስጠኚ ተተኪ ሳይኖረው ሥራው አይጀመር።

ስለ ሒሳቡም አንድ ነገር አጥብቄ ተናገርኩ። ገንዘቡ በአንድ ልጅ የቴሌብር ቁጥር አይሰበሰብ። ልጁ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ገንዘቡ ከራሱ ገንዘብ ጋራ ተቀላቅሎ ወር ሲሞላው ሐቀኛው ልጅ ራሱ መለየት ያቅተዋል። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ የሚወጣ ይሁን፤ የገባውና የወጣው በየዓርቡ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። እኔ በተማሪነቴ የገለበጥኩት ሪፖርት በር ላይ የሚለጠፍ ቢሆን ኖሮ «በተሳካ ሁኔታ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጄ እምቢ ባለኝ።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባችሁ ወጣቶች ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ከጠረጴዛ ጋራ ስትኖሩ የሂሳብ ደብተራችሁን አልረሳችሁትም ብዬ አምናለሁ። ተተኪ አስጠኚ የሚገኘው ከእናንተ ነው። ቅዳሜ ጧት ሻይ ቤት የምታጠፉትን ጊዜ ማለቴ ነው።

ልጅቱ «ቆሎውስ?» አለች። ቆሎው ይቆይ አልኳት፤ የሰሜን ገብስ ቆሎ ገዢ አያጣም፥ ወጪውም ምጣድና ማገዶ ነው። ለካስ ከቦርሳዋ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዛ መጥታ ኖሯል። ለእንግድነት ያመጣችልኝ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ ዋጋውን ነገረችኝ። ከፈልኩ፤ ደረሰኝም ጻፈችልኝ።

ልትሄድ ስትነሣ የስም መጥሪያዬን እንዳመጣላት ለመነችኝ። አብረን ቁጭ ብለን ባለፈው ወር ሐሙስ ሐሙስ የቀሩትን በጣታችን እየተከተልን ቆጠርን። ከአንዱ ክፍል ብቻ 9 ሆኑ። ስማቸውን አልጻፈችም። በዚያ በጠቆረው ወረቀት ራስጌ 9 ቁጥርን ብቻ ጽፋ፥ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።