ሕዝቦችን እንወቅ፦ የአኙዋ ሰማያዊ ዶቃ

በዛሬው ዓምዳችን ወደ ጋምቤላ እንወርድና ከአኙዋ ሕዝብ ጋር እንተዋወቃለን።

አኙዋዎች በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳርቻ በቆሎና ማሽላ የሚያመርቱ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሕዝብ ናቸው። ባሮን በቋንቋቸው «ኦፔኖ» ይሉታል። በቋንቋ ከደቡብ ሱዳን ሽሉኮችና ከኬንያ ሉዎዎች ጋር ይዛመዳሉ። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ከፍ ባለ መሬት ላይ የተሠራ መንደር ዙሪያውን በውኃ ተከቦ እንደ ደሴት ይቀራል። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል መንደሩ «ኳሮ» የሚባል የራሱ አለቃ የነበረው።

ለእጮኞችና ለባለትዳሮች ግን ይበልጥ የሚገርመው ጥሎሻቸው ነው። ጎረቤቶቻቸው ኑዌሮች ከብት ይሰጣሉ። አኙዋዎች የሚሰጡት «ዲሙይ» የሚባል ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ ነው። ላም ትወልዳለች፣ ዶቃ ግን አይወልድም። ዲሙይ ደግሞ የድሮ ዕቃ ነው፤ አዲስ ከገበያ ተገዝቶ አይመጣም። ያለው ዶቃ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ አይጨምርም።

ታዲያ ወጣቱ ዲሙይ ከየት ያገኛል? ከእኅቱ ጋብቻ ነው። እኅቱ ስትዳር ለቤተ ሰቡ የመጣው ዶቃ ለእርሱ ሚስት ማምጫ ይሆናል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ በዚያው ዶቃ ያገባል። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ሴት ባሏን ትታ ብትመለስ ዶቃው ይመለስ ይባላል፤ ዶቃው ግን ቀድሞ የወንድሟ ሚስት ወላጆች ቤት ገብቷል። የአንዱ ቤት ጠብ የሌላውን ቤት ያናጋል ማለት ነው። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ለማስታረቅ ይሯሯጣል። ይህ በጎ ጎኑ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሸክሙ ሁሉ በልጅቷ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ በትዳሯ ብትጎዳ እንኳ የወንድሟን ቤት እያሰበች ዝም ልትል ትችላለች።

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኙዋዎች አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1940 ታትሟል። (ምሁሩ በዚያው ሰሞን የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። መጽሐፍና ጠመንጃ በአንድ ሰው እጅ!) በደርግ ዘመን በዲሙይ መጋባት ኋላ ቀር ልማድ ተብሎ ተከለከለ፤ ጥሎሹም በገንዘብ እንዲሆን ተደረገ። ዶቃው ግን ጨርሶ አልጠፋም።

«እኅት የሌለውስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ቀድሞ ወደ ኳሮው ደጅ ይሄድ ነበር። ያዕቆብ ስለ ራሔል ላባን ቤት እንዳገለገለ፣ እርሱም ኳሮው አንድ ቀን ዲሙይ እንዲሰጠው እየተጠባበቀ ያገለግል ነበር።