የአቮካዶ ንጥር፦ የትኛው፣ ለምን፣ ለማን?

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ቸሃ የሚጎርፈው የጉራጌ ተወላጅ ለወላጆቹ ባዶ እጁን አይገባም። ከጋቢው፣ ከቡናውና ከጫማው ጋር አንዳንዴ የምግብ ማሟያ ጠርሙስም በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ጠርሙሶች አንዱ ለጉልበት ሕመም ይበጃል የሚባለው የአቮካዶ ኤክስትራክት፣ በአማርኛ ብንለው የአቮካዶ ንጥር ነው። የሚያስገርመው ስጦታው በሚደርስበት ደጃፍ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ የአቮካዶ ዛፍ ቆሞ መገኘቱ ነው። ታዲያ በጠርሙሱ ያለውና በዛፉ ላይ ያለው አንድ ናቸውን? ጠርሙሱስ የተባለለትን ያህል ይሠራልን?

በዚህ ጸሐፊ እምነት ንጥሩን በጅምላ ማወደስም ሆነ በጅምላ ማጣጣል ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የቸሃ ሽማግሌ «እንሰት መድኃኒት ነው» ብሎ አያበቃም። ለተሰበረ አጥንት አስታራ ወይም ጓርየ የተባለውን ዝርያ ለይቶ ይጠራል፤ ከተክሉም የትኛው ክፍል እንደሚበላ ያውቃል። ዝርያው፣ ክፍሉና ሕመሙ ካልተለዩ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። ከፋርማሲ የሚገዛውንም ጠርሙስ በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል።

ንጥሩ ምንድን ነው?

በኬሚስትሪ ትምህርት እንደምናውቀው ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሰጣል። ይሁንና ከዘይቱ ጥቂቱ ክፍል ሳሙና ለመሆን እምቢ ብሎ ይቀራል። በዚህ ቅሬታ ውስጥ የዕፅዋት ስቴሮሎችና ቫይታሚን ኢን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ በሰፊው የተጠናው ውሕድ የተሠራው ከዚሁ ቅሬታ ነው፤ መጠኑም በቀን 300 ሚሊግራም ነው። ልብ እንበል፦ ከዚህ ውስጥ ከአቮካዶ የሚገኘው ሲሶው ብቻ ሲሆን ሁለት ሦስተኛው ከአኩሪ አተር ነው።

ስለዚህ «የአቮካዶ ንጥር» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። አንዱ ጠርሙስ ይህን ውሕድ፣ ሌላው ተራ የአቮካዶ ዘይት፣ ሦስተኛው የቅጠሉን ወይም የመካከሉን ትልቅ ፍሬ ዱቄት ይዞ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው ላይ የተደረገ ጥናት ለሌሎቹ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ማስረጃው ምን ያህል ይመዝናል?

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናት መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምገማ፣ ውሕዱን የወሰዱ የመገጣጠሚያ መድከም (ኦስቲዮአርትራይተስ) ሕሙማን ፍሬ ነገር የሌለው አምሳያ እንክብል ከወሰዱት ጋር ተነጻጽረዋል። ሕመም ከ0 እስከ 100 ሲለካ የቀነሰላቸው በ8 ነጥብ ገደማ ብልጫ ነው። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ተአምር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነና ወደ 400 የሚጠጉ የዳሌ ሕሙማንን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአማካይ ሲታይ የመገጣጠሚያው ክፍተት መጥበቡን ውሕዱ እንዳላቆመው አሳይቷል። እንግዲህ «ያለቀውን ልስልስ አጥንት መልሶ ያበቅላል» የሚለው ማስታወቂያ ከማስረጃው እጅግ ርቆ ሄዷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ተቃራኒውን ሐሳብም በፍትሕ ማየት ይገባል። ዲክሎፌናክና መሰል የሕመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጨጓራዋን የምትታመም አንዲት አረጋዊት 8 ነጥብ ቅናሽ ብታገኝ፣ ቡና ለማፍላት ጎንበስ ብሎ የመነሳት ያህል ትርጉም ሊሰጣት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ሐኪሟ ውሕዱን ቢፈቅድላት ስሕተት አይሆንም። ፋታው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ እንጂ በማግሥቱ እንዳልሆነ፣ ካፕሱሉንም በምግብ መካከል መውሰድ የቅባት ሽታ ያለውን ግሣት እንደሚቀንስ ብቻ ሊነገራት ይገባል።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» ይባላልን?

ብዙዎቻችንን የሚያዘናጋን ይህ አባባል ነው። ቁርጥማት ባመጣው የልብ ሕመም ምክንያት ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወገኖች በአገራችን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ አቮካዶ በብዛት መመገባቸው የዋርፋሪንን ኃይል ያዳከመባቸው ሁለት ሕሙማን ተዘግበዋል። ሁለት ሰው ሕግ አያወጣም፤ ሐኪምን ሳያማክሩ ጠርሙስ ላለመክፈት ግን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። አኩሪ አተር ለማይስማማው ሰው ውሕዱ አደጋ አለው። የላስቲክ ጓንት የሚያሳክከውም አቮካዶ ሊያሳክከው ይችላል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ ደኅንነቱ ስላልተረጋገጠ አይመከርም።

የቅጠሉና የፍሬው ነገር የባሰ ነው። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር የፍየልን፣ የላምንና የፈረስን የወተት ዕጢና የልብ ጡንቻ እንደሚጎዳ ተረጋግጧል። ለከብት የሚያሰጋንን ቅጠል ቀቅሎ ለወላጅ ማጠጣት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ ደኅና አይሆንም። እሬትም፣ እንዶድም ተፈጥሯዊ ናቸውና።

ከሁሉም የሚከፋው መዘግየት ነው። ያበጠና የሚያተኩስ ጉልበት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በካፕሱል ተስፋ የሚታለፍ ሳምንት መገጣጠሚያውን ሊያሳጣ ይችላል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ለሐኪሙ የምንደብቀው በሽታውን ብቻ ሳይሆን ጠርሙሱንም ነው።

የቁጥጥሩም ነገር ከአገር አገር ይለያያል። ይኸው ውሕድ በፈረንሳይ በመድኃኒትነት ተመዝግቦ ሲሸጥ፣ በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ አምራች ፈዋሽነቱን ከሽያጭ በፊት እንዲያስመሰክር አይገደድም። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። በሻንጣ የገባ ጠርሙስ ግን በዚያ በር አላለፈም።

የጓሮው አቮካዶስ?

100 ግራም የአቮካዶ ሥጋ 160 ኪሎካሎሪ፣ 15 ግራም ያህል አብዛኛው ለልብ የሚስማማ ቅባት፣ 7 ግራም ያህል አሰር ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ካሮትን ከአቮካዶ ጋር መብላት ሰውነት ከካሮቱ የሚወስደውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ከስድስት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል። ቆጮን ከጎመን፣ ከካሮትና ከአቮካዶ ጋር ያቀረበ ቤት ከጠርሙስ የማይገኝ ሲሳይ አለው። ሆኖም አቮካዶ ብዙ ፖታሲየም ስላለው ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። በየቀኑ አንድ አቮካዶ መብላት ብቻውን የሆድን ስብ እንደማያቀልጥም ከ1,000 በላይ ሰዎችን ለስድስት ወር የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

እዚህ ላይ የተማሪው ድርሻ ይመጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየቆጠሩ የሕዝብ ጤና መረጃ ሲሰበስቡ ያስተማሩን ነገር ቢኖር፣ እውቀት የሚጀምረው ከመጠየቅ መሆኑን ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእምድብርና በየቀበሌው ያሉ አረጋውያን የትኛውን ማሟያ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደሚወስዱ ቢመዘግቡ ሐኪሞች የሚሠሩበት መረጃ ያገኛሉ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ለቤተሰቡ ጠርሙሱን አንብቦ ሦስት ነገር ይመልስ፦ የተክሉ የትኛው ክፍል ነው? መጠኑ ስንት ነው? ሐኪሙ ያውቃል ወይ? መልስ ያልተገኘለት ጠርሙስ ሳይከፈት ቢቆይ የሚጎዳ የለም።